ምረጪ ያልከኝ ሦስት ሰፈሮች

ላሊበላ
ጥር 25 ቀን 2007 ዓ.ም.

በፍርድ ቤት ለማላውቅህ፣ በቤተ ክርስቲያን ለባሌ፣ ለደሳለ፤

እንዴት ከረምክ ብዬ አልጠይቅህም። ባለፈው ቅዳሜ በዐይኔ አይቼሃለሁ፤ ትንሽ ከስተሃል እንጂ ደህና ነህ። የት አየችኝ ብለህ አትደንግጥ፣ እደርስበታለሁ። እኔ ደህና ነኝ። አባቴም ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ድምፃቸው ግን እንዳለ ነው፤ ተማሪዎቻቸውን ሲቆጡ እስከ ገበያው ይሰማል።

አጎትህ ቄስ ወልደ ሰንበት መልእክትህን አድርሰዋል። የጥምቀት እንግዳ ገና ከከተማው ሳይወጣ መጥተው መደቡ ላይ ተቀመጡ፣ የቀረበላቸውን ጠላ ጠጡ፣ የአባቴን ጉልበት ጠየቁ፣ ስለ ዘንድሮ ገብስ አወሩ። ሰው ክፉ ነገር ይዞ ሲመጣ ስለ ገብስ ብዙ ያወራል። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ።

«ፀደይ ልጄ፣ ደሳለ ክፉ አላሰበብሽም። ቤት ሊገዛልሽ ነው።»

«የት ነው አባ?»

«ወልድያ ነዋ፤ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ። ሦስት ሰፈር አይቶልሻል፤ የወደድሽውን ምረጪ ብሎሻል። ለተማሪ እያከራየሽ እንደ ንግሥት ትኖሪያለሽ።»

«ምን አድርጌለት ነው እንዲህ የሚክሰኝ?»

ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ከዚያ አንተ ራስህ መጥተህ ለመናገር ወኔ ያጣህለትን ነገር እሳቸው ተናገሩልህ። «አንዲት ቃል ብቻ ናት። ለንስሐ አባታችሁ፣ ቁርባናችንን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፣ ከሌላ ሰው ጋር ወድቄያለሁ ትያለሽ። ነገሩ በዚያው ይዘጋል። እሱም ነጻ ሆኖ ከሰርክአዲስ ጋር በወግ ይቆርባል። አባቷ ያለ ቁርባን አልድርም ብለዋል፤ ምን ያድርግ?»

አባቴ ጥግ ላይ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ነበር። «ቤቱ ስንት ክፍል ነው?» አሉ።

አጎትህ ፊታቸው በራ። «ሦስት ነው መሪጌታ! ማብሰያውን ሳይጨምር።»

«ማብሰያውን ሳይጨምር!» አሉ አባቴ። «እንግዲያማ ማብሰያውን ከጨመራችሁ የሟች እናቷንም ስም አብራችሁ ውሰዱ።»

«ኧረ የለም፣ የሷ ይበቃል» አሉ አጎትህ።

ይህን የምነግርህ የላክኸው ሰው ምን ያህል ብልህ እንደሆነ እንድታውቅልኝ ነው። አባቴ መቁጠሪያቸውን ጠቅልለው ወጡ። እኔ ግን አልወጣሁም። «ሰፈሮቹን ሳላይ አልመርጥም» አልኩ። አጎትህ ዋጋ የምቀንስ የምጨምር መስሏቸው ደስ ብሏቸው ሄዱ። ለአንተም «እሺ ልትል ነው» ብለው ደውለውልህ ይሆናል። የሰማኸው ደስታ ለጥቂት ቀን ስለቆየልህ እንኳን ደስ አለህ።

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ ነው። አንተ የረሳኸው ነገር ኖሮ አይደለም፤ ሰርክአዲስ ይህን ደብዳቤ ከኪስህ አውጥታ ማንበቧ ስለማይቀር ነው። ለእሷ ምን ብለህ እንደነገርካት አላውቅም። እኅቴ ሰርክአዲስ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ደሳለ ይምርሐነ ክርስቶስ ወርደን ተጋብተን ቆርበናል። እሱ ያኔ ዲያቆን ነበር። በኋላ እሱ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ቢሮ ተቀጠረ፤ እኔ መጀመሪያ ብልባላ፣ ቀጥሎ ላሊበላ ሒሳብ አስተማሪ ሆንኩ። ወልድያ ላይ የመንግሥት ሠራተኛ በማኅበር ተደራጅቶ የቤት መሥሪያ ቦታ ሲወስድ፣ ለባልና ሚስት የሚሰጠው አንድ ቦታ ነበር። ደሳለ አንድ ቦታ አነሰው። «በወረቀት እንፋታ፤ ሁለት ቦታ እናገኛለን፣ አንዱን ሸጠን በሌላው ላይ እንሠራለን፣ ከዚያ ወረቀቱን እንቀደዋለን» አለኝ። ስንት ሰው እንዲህ እንዳደረገ ቆጠረልኝ። እንቢ ስለው ደግሞ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? «ፍርድ ቤት የሚፈታው ወረቀት ነው፤ በሥጋ ወደሙ የታሰረውን ማን ይፈታዋል?» አለኝ። እንባዬ መጣ። በሒሳብ በማዕረግ የተመረቅሁ ሴት፣ የዲያቆን አፍ ሰምቼ አመንኩ።

ለፍርድ ቤቱ ጠብ ያስፈልገን ነበር። ትዝ ይልሃል ደሳለ፣ በእግራችን እየሄድን ስንለማመድ? እኔ የማማርርበት ነገር ጠፍቶብኝ «እንግዲህ ብዙ ጨው ይበላል ልበል?» ብዬ ስስቅ፣ አንተ ልምምድም አላስፈለገህም። «ሰው ፊት ታርመኛለች። ስናገር ፈገግ ትላለች። ደመወዟ ከእኔ እንደሚበልጥ ባትናገረውም ፊቷ ላይ አለ። ከአባቷ ጋር ሆነው ሲያወሩ እንደ እንግዳ ይቆጥሩኛል።» በሳቅ ፈረስኩ። «ጎበዝ፣ ዳኛዋን ታስለቅሳታለህ» አልኩህ። ዳኛዋም አላለቀሰችም እንጂ አዘነችልህ፤ አስቡበት ብላ ጊዜ ሰጠችን፣ ተመልሰን ስንቀርብም ያንኑ አልክ፣ ይባስ ብለህ ጨመርክበት። እኔ እዚያ ቆሜ የባሌን ትወና አደንቅ ነበር። ትወና እንዳልነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በትዳራችን ዘመን ሁሉ እውነቱን የነገርከኝ በውሸት ችሎት ላይ ብቻ ነው።

ከዚያማ የአንተ ቦታ ወጣ። የእኔ ስም፣ ሥራዋ ላሊበላ ነው ተብሎ ከዝርዝሩ ተሰረዘ። «ትንሽ ታገሺ» አልክ። ወዲያው ስልክህ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ሆነ። ከዚያ የስሚንቶና የብረት ነጋዴ ልጅ መጣች። ሰርክአዲስ፣ አንቺን አልወቅስም። አባትሽ የሚሸጡትን ነገር ሁሉ ለቤቱ የሚያስፈልገው ሰው መሆኑን ግን ልብ በይ።

እሺ፤ ወደ ሰፈሮቹ።

ወልድያ ስወርድ ደላላህ ሀሰን መናኸሪያው ጋ ጠበቀኝ። «ደሳለ ዘመዴ ናት ብሎኛል» አለኝ። ዘመድህ ነኝ ለካ። ሀሰን ፈጣን፣ ተጫዋች፣ ውሸቱን እንኳ ደስ ብሎት የሚዋሽ ሰው ነው፤ ከአንተ ይሻላል።

የመጀመሪያው ሰፈርህ ከወንዙ ማዶ ነው። ድንጋይ በድንጋይ እየዘለለ አሻገረኝ። ቤቱ መጥፎ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲውም ከበሩ ፊት ለፊት ይታያል። የሚታየው ግን እንደ ጨረቃ ነው፤ መድረሻ የለውም። «ክረምት ላይ በምን እሻገራለሁ?» አልኩት።

«ክረምት ላይ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ይዘጋል፤ ምን ልትሠሪ ትሻገሪያለሽ?» አለኝ።

ሁለተኛው ከግቢው የኋላ አጥር ጋ ነው። እዚያ ገበሬው ማሳውን እየቆራረሰ ሸጦ፣ ገዢው ሌሊት ግድግዳ አቁሞ ጠዋት ቆርቆሮ የመታበት ሰፈር ነው። የማሽላው አገዳ ገና ከግድግዳው ሥር ቆሟል። በግራ ጫት ቤት፣ በቀኝ መጠጥ ቤት፣ ሁለቱም በየራሳቸው ሙዚቃ ይጮኻሉ።

«ካርታ አለው?»

«በሂደት ላይ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመሠረቱ ጀምሮ፣ እኅቴ!» አለና ራሱ ሳቀ። አንድ ቀን ማለዳ ዶዘር መጥቶ የሚጠርገውን ቤት ነው በስሜ ምትክ ልትሰጠኝ ያሰብከው። ስሜ ግን አንዴ ከተሸጠ በዶዘርም አይመለስም ነበር።

ሦስተኛውን ለመጨረሻ ያቆየኸው ሆን ብለህ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር፣ ቅዳሴው ከመኝታ ላይ የሚሰማበት። የመሪጌታ ልጅ ይህን አይታ እጇን ትሰጣለች ብለሃል። አጎትህ ሦስት ክፍል ያሉትም ይህንኑ ነው፤ አንዲት ክፍል በቺፑድ ሦስት ቦታ ተከፍላለች። አልጋ ካስገባሁ እኔ ውጭ ልቀር ነው። ዋጋው ደግሞ ከሁለቱ ድምር ይበልጣል። «ለዚህ ነው እንዴ ይህ ሁሉ ዋጋ?» ብዬ ሀሰንን ጠየቅሁት።

«እኅቴ፣ አትቀየሚኝ» አለ። «እናንተ ላስቶች ቤት ልትገዙ ስትመጡ ውሃ አለው ወይ አትሉም። መብራት አለው ወይ አትሉም። ቤተ ክርስቲያኑ በስንት ደቂቃ ይደረሳል ነው የምትሉት። እኛም እንግዲህ በካሬ ሜትር መሸጡን ትተን በደቂቃ እንሸጥላችኋለን።»

በጣም ሳቅሁ። ካንተ ጋር ካልሆንኩ ወዲህ እንዲህ ስቄ አላውቅም። እውነቱን ነው። ከቡግና ይምጣ ከብልባላ፣ የእኛ ሰው ደብሩን ካገኘ ጣሪያው ቢያፈስም ይገዛል፤ ብዙዎችም በዚህ ስሌት ኪሳቸውን አራቁተዋል። ስቄ ስጨርስ «ላስቶች የማይጠይቁት ሰፈር የት ነው?» አልኩት።

ሀሰን ቆም ብሎ አየኝ። «ከመስጊዱ በታች» አለ። «ውሃ አለው፣ ካርታ አለው፣ ለዩኒቨርሲቲው በር ቅርብ ነው። አንድም የላስታ ሰው ረግጦት አያውቅም። ግን እሱ ከደሳለ ዝርዝር ውስጥ የለም።»

«እኔም የለሁበትም» አልኩት።

የቤቱ ባለቤት እትዬ ጀውሀራ ይባላሉ። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጃቸው ሂንድ ደሴ ተድራ አራስ ናትና ከእሷ ጋር ሊኖሩ ይሄዳሉ። ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ደህና ቆርቆሮ፣ ደጃፉ ላይ አንድ የሎሚ ዛፍ። ገና ሳልቀመጥ ጉድለቱን ራሳቸው ነገሩኝ።

«የኔ ልጅ፣ ከአሁኑ ልንገርሽ፤ አዛኑ ከጎህ በፊት ይቀሰቅስሻል።»

«አባቴ ለኪዳን ሲነሡ አብሬ እየተነሣሁ ነው ያደግሁት።»

«እንግዲያ አብሽሪ! እሱም አንቺን አይረብሽሽ፣ አንቺም እሱን አትረብሺው።» ከዚያ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ባል አለሽ?» አሉኝ።

«በፍርድ ቤት የለኝም፤ በቤተ ክርስቲያን አለኝ።»

«ሱብሃን አላህ! ማታ የሚመጣው የትኛው ነው?»

«አንዱም አይመጣም።»

«እሱ ይሻላል» አሉ፤ ዋጋውንም የቀነሱልኝ ያኔ ነው።

አንተን ያየሁህ ከዚያ ግቢ ሆኜ ነው። የማኅበርህ ቦታ ከመስጊዱ በላይ ካለው ዳገት ላይ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ብታምንም ባታምንም። እትዬ ጀውሀራ «ያ ላይ የሚሠራው ልጅ» ብለው በጣታቸው ሲያሳዩኝ ቀና አልኩ። ስሚንቶ ታጠጣ ነበር። ያችን የክርኗ ክር የተተረተረች ቡናማ ሹራብ ለብሰሃል። ከዚያ ብሎኬት ላይ ተቀምጠህ ደረቅ ዳቦ በላህ። የስሚንቶ ነጋዴ ቤት ምሳ የሚያቀብል ሰው የለም እንዴ? እኔን አይመለከተኝም። ከአጥሩ ጀርባ ትንሽ ቆየሁ። የቆየሁት አጥሩን ለማየት ነው፤ ቤት የሚገዛ ሰው አጥር ማየት አለበት።

«ታውቂዋለሽ?» አሉኝ እትዬ ጀውሀራ።

«ያገሬ ልጅ ነው» አልኳቸው።

አሁን የማታውቀውን ልንገርህ። ለተማሪ ቤት እያከራየሁ እንድኖር ማሰብህ የሚያስቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ተማሪዎቹን የማስተምራቸው እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲው ለሒሳብ ትምህርት ክፍል ያወጣውን ውድድር አልፌያለሁ። ከመጪው ወር ጀምሮ ረዳት ምሩቅ ሆኜ እገባለሁ። ውጤት ሞልቼ ለሬጅስትራር ሳስረክብ መስኮቱ ላይ አንተ ትሆናለህ። እንደ ማንኛውም መምህር ሰላም እልሃለሁ፤ አንተም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ትቀበለኛለህ። ቁጥር ከተሳሳትክ ግን አርምሃለሁ። ሰው ፊት።

ውሉን ስንፈራረምም አንድ ነገር ሆነ። ጸሐፊው «ባለትዳር ከሆንሽ ባለቤትሽም ይቅረብ፤ ቤቱ የጋራ ስለሚሆን» አለኝ። ቦርሳዬን ከፍቼ የፍቺውን ውሳኔ ሰጠሁት፤ አንተ የለመንከኝን፣ አንተ የተወንክበትን። አገላብጦ አየውና «ጥሩ፣ የአንቺ ብቻ ነው» ብሎ ማኅተሙን መታ። እንግዲህ ባለውለታዬ ነህ። ለጋራ ቤታችን ብዬ ያጠራቀምኩት ደመወዜ፣ አንተ ባወጣኸው ወረቀት፣ የብቻዬ ቤት ሆነ። እንደዚህ የሚጠቅም ነገር ሠርተህልኝ አታውቅም።

አንዲት ቃል ስለተባለችው ደግሞ ይኸውልህ። ባለፈው እሑድ ወደ ንስሐ አባታችን ሄጄ ነበር። «ደሳለ ይህን በይ ብሎ ልኮብኛል፤ እኔ ግን ቁርባኔን አላፈረስኩም፣ ማንም ወንድ አልነካኝም» አልኳቸው። «እና ምን ይሁንልሽ? ይፈታልሽ?» አሉኝ። መልስ አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ያዘጋጀሁት ሌላ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን «አይፈታ» ነው።

እንዳትሳሳት። ይህን ያልኩት ናፍቄህ አይደለም። ለአንድ ቦታ ብዬ አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ፤ ለሦስት የቺፑድ ክፍል ደግሜ አልዋሽም፣ ይኸው ነው። አንተ ፍቺው የውሸት ነበር ብለህ መናገር ትችላለህ፤ ያኔ ቦታህም ይሄዳል፣ በቤቴም ክርክር ይነሣል፣ ሁለታችንም እንጠየቃለን። እኔ ዝግጁ ነኝ። አንተ ግን አትናገርም፤ አውቅሃለሁ። ሰርክአዲስን በማዘጋጃ ቤት ልታገባት ትችላለህ፣ ማንም አይከለክልህም። አባቷ የሚሉትን ለሳቸው ተዋቸው።

ፍላቂት ያሉትን እናትህን እትዬ አሰለችን ባለፈው ወር ሄጄ አይቻቸዋለሁ። ምንም አልነገርኳቸውም። «ልጄ ለምን አብሮሽ አልመጣም?» ሲሉኝ ሥራ በዝቶበታል አልኩ። የዓይናቸው ሞራ ስለወፈረ ሐኪም ቤት ውሰዳቸው። አንተ ካልቻልክ የትንሣኤ ዕረፍት ሲደርስ እኔ እወስዳቸዋለሁ፤ እዚያው ወልድያ ቤት አለኝ፣ ማረፊያ አያጡም።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። መሠረትህን ስትቆፍር ያወጣኸውን አፈር የደፋኸው የዳገቱ ቦይ ውስጥ ነው። እትዬ ጀውሀራ መጥተው ቢነግሩህ «እሺ እማማ» ብለሃቸው ሄድክ አሉ። እሺ ማለት ጥንትም ታውቅበታለህ። ቦዩ እንደተደፈነ ክረምት ከገባ ውሃው መጀመሪያ የምዕራብ ግድግዳህን ሥር ያጥበዋል። ዐሸዋውንም አይቼዋለሁ፤ አፈር በዝቶበታል፣ የነጋዴ አማች ልትሆን ማሰብህ አልጠቀመህም። ያ ግድግዳ ሲዘም አንተ የምትተኛው ከሥሩ ነው፤ አልጋህን ሁልጊዜ ግድግዳ አስጠግተህ ነው የምታነጥፈው። ስለዚህ ከሰኔ በፊት ቦዩን ጥረግ፣ ጠርዙን በድንጋይ ካብ። ይህን የምልህ ለአንተ አዝኜ አይደለም። ከአንተ የሚወርደው ጎርፍ የሚገባው በእኔ ደጅ ስለሆነ ነው።

እግዚአብሔር ለእናትህ ብርሃን ይስጥልህ፤ ለአንተም የሚያሳፍርህ ነገር እንዲያሳፍርህ ያድርግህ። አሜን በል።

ፀደይ ተክለ ሚካኤል
ከታችኛው ግቢ